ቀይ መብራቱ ዝንቧን አቆማት፤ ግን ያቆማት የትኛው የነርቭ ሕዋስ ነው?

የዝንብ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን አገር የዶክትሬት ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። የምሠራው በፍራፍሬ ዝንብ አእምሮ ላይ ነው። ይህንን በአማርኛ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ስጽፈው ስህተቴን እየሸፋፈንኩ ስላስቸገረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአእምሮ ተነሥተው ወደ ደረት የሚወርዱ አንድ ጥንድ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ገና ስላላሳተምን ስማቸውን አልጠቅስም። እነዚህ ሲነቁ ዝንቧ መራመድ ታቆማለች ብለን ገምተን ነበር። ከሌላ ቤተ ሙከራ «እነዚህን ብቻ ይይዛል» የተባለ የስፕሊት ጋል4 ዘር፣ ማለትም የፈለግነውን ጂን በተመረጡ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ የሚያሠራ የዝንብ ዘር፣ ተላከልን። ሲኤስክሪምሰንን፣ ማለትም ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ሕዋሱን የሚያነቃውን ፕሮቲን፣ ከተሸከመው ዘር ጋር አዳቀልኩት። ልጆቹን ሬቲናል (ይህ ፕሮቲን ብርሃን ለመቀበል የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር) የተጨመረበት ምግብ ሰጥቼ፣ ብልቃጦቹን በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልዬ ጨለማ ውስጥ አቆየኋቸው። በአራተኛው ቀን አንዷን በክቡ መድረክ ላይ ለቀቅኳትና ቀዩን መብራት አበራሁ። በዚያችው ቅጽበት ቀጥ አለች። አጠፋሁት፤ መንገዷን ቀጠለች። ደግሜ አበራሁ፤ ደግማ ቆመች። ያን ማታ አዲስ አበባ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ ምኑም ሳይገባት እልል አለች።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ መረጃ ሰበሰብኩ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የደረቱን የነርቭ ገመድ አይተሽዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁትም ነበር። ከዘሩ ጋር የተላከልን ፎቶግራፍ የአእምሮ ብቻ ነበር፤ እኔም አእምሮን ብቻ ነበር የማወጣው። በማግስቱ አእምሮንና የነርቭ ገመዱን ሳላለያይ አውጥቼ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኩት። ላይ፣ ሁለቱ ሕዋሳት እንደተባለው ያበራሉ። ወረድ ብዬ የፊት እግሮች ነርቭ ከሚነሣበት ስደርስ በግራም በቀኝም እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ ሌሎች ሕዋሳት አረንጓዴ ሆነው ተቀምጠዋል። አሥራ ሁለት ቆጠርኩ፤ ደግሜ ስቆጥር አሥራ አራት ሆኑ።

ቪዲዮዎቹን ቀስ አድርጌ እንደገና አየኋቸው። ዝንቧ ስትቆም የፊት እግሮቿ እንደ እንጨት ይገተራሉ። በፈቃዷ የቆመች ዝንብ እግሯን እንዲህ አታደርግም።

አሁን ምን ላድርግ? የአምስት ወሩ ሥራ በሙሉ ይጣላል?

ጋላክቶስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን አየሽው። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ሌላ ሰው ቢያየው ኖሮ ሐዘኑ ከዚህ በእጅጉ ይከብድ ነበር። እኔ በዚህ ሙያ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የአንቺን ስህተት በሌላ መልኩ ሠርቼዋለሁ።

ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። አረንጓዴ ሆኖ ያየሽው ራሱ ሲኤስክሪምሰን ላይ የተለጠፈው ቀለም ነው ወይስ በሌላ ዳቀላ የገባ ጂኤፍፒ የሚባለው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን? የክሪምሰኑ ዘር የዩኤኤስ ቅጂው አሥር ነው ወይስ ሃያ? ሬቲናል ያልበሉትን እኅቶቻቸውንስ ፈትነሻል?

የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘሩን የላኩልሽ ሰዎች ፎቶግራፉን ያነሡት ደከም ባለ ጠቋሚ ከሆነ፣ በጥቂቱ የሚያበሩ ሕዋሳት አልታዩዋቸው ይሆናል። አንቺ ሃያ ቅጂ ስታስገቢበት ያው የተደበቀው ጥቂት መጠን ሕዋሱን ለማንቃት በቂ ይሆናል። ስለዚህ መታየት ያለበት የምትጠቀሚበት መሣሪያ ራሱ፣ በምትፈትኚበት ሙቀት፣ በምትፈትኚበት ዕድሜ፣ በምትፈትኚው ጾታ ነው። ጋል4 በ29 ዲግሪ ከ18 ዲግሪ ይልቅ በርትቶ ይሠራል። በ18 ዲግሪ ንጹሕ የመሰለ ዘር በ29 ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም የሕዋሱ ስም አይደለም። ስሙን ያወጣው ሰው ያየውን ያህል ብቻ ነው የጻፈው።

መምህር ከደብረ ብርሃን

ሰላም ልጆቼ። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ውይይቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ነገር ግን ጋል4፣ ስፕሊት፣ ዩኤኤስ የምትሉት ነገር ለእኔ አዲስ ነው። እኛ ስለ ዝንብ የምናስተምረው ቶማስ ሞርጋን ስላጠናት ነጭ ዓይን ዝንብና ስለ ክሮሞሶም ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ማስረዳት እንድችል አድርጋችሁ ብትነግሩኝ?

ጋላክቶስ

መምህር፣ በደስታ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልዎታለሁ።

ከእርሾ እንጀምር። የዳቦ እርሾ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር መመገብ ሲፈልግ አስፈላጊዎቹን ጂኖች የሚቀሰቅስለት ጋል4 የተባለ ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን ዩኤኤስ በሚባል አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ሲያርፍ አጠገቡ ያለው ጂን ሥራ ይጀምራል። ዝንብ በተፈጥሮዋ ጋል4 የላትም። ስለዚህ ዩኤኤስ ያለበት ጂን ዝንብ ውስጥ ቢገባ ቀስቃሽ አጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በ1993 አንድሪያ ብራንድ እና ኖርበርት ፔሪሞን ይህንን ለሁለት ወላጆች አከፋፈሉት። አንደኛው ወላጅ ጋል4ን ይሸከማል፤ በየትኞቹ ሕዋሳት እንደሚመረት የሚወስነው ከፊቱ የተቀመጠው ኢንሃንሰር የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ነው። ሌላኛው ወላጅ ከዩኤኤስ በኋላ የተቀመጠ የፈለጉትን ጂን ይሸከማል፦ የሚያበራ ፕሮቲን፣ ሕዋሱን ዝም የሚያሰኝ፣ ወይም በብርሃን የሚያነቃ። አንዱ ወላጅ «የት» የሚለውን፣ ሌላው «ምን» የሚለውን ይወስናል። ሁለቱ የሚገናኙት በልጃቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ የ«የት» ዘርና አንድ መቶ የ«ምን» ዘር ያለው ቤተ ሙከራ፣ አዲስ ዲኤንኤ ሳይሠራ በማዳቀል ብቻ መቶ ሺህ ዓይነት ሙከራ ሊሠራ ይችላል። እኔ ይህን ሐሳብ ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ይገርመኛል።

ችግሩ አንድ ኢንሃንሰር አንድ ሕዋስ ብቻ አለመያዙ ነው። በቨርጂኒያ ጠቅላይ ግዛት የሚገኘው የጃኔሊያ የምርምር ማዕከል በጄራልድ ሩቢን መሪነት ወደ 7,000 የሚጠጉ የጋል4 ዘሮችን ሠርቶ ሁሉንም ፎቶግራፍ አነሣቸው። ብዙዎቹ አሥሮችን፣ አንዳንዶቹም መቶዎችን ሕዋሳት ይይዛሉ። ታዲያ በ2006 የቤንጃሚን ኋይት ቡድን ጋል4ን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ግማሽ ዲኤንኤውን ይይዛል፤ ሌላው ግማሽ ጂኑን ይቀሰቅሳል። ብቻውን ሆኖ የሚሠራ የለም።

የእድር ሣጥን ያስቡ። አንዱ ቁልፍ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ነው፤ ሌላው ሰብሳቢው ዘንድ። ገንዘብ ያዡ በየቤቱ ቢዞር፣ ሰብሳቢውም በየቤቱ ቢዞር፣ ሣጥን የሚከፈተው ሁለቱ በተገናኙበት ቤት ብቻ ነው። ስፕሊት ጋል4 ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ኢንሃንሰር አንዱን ግማሽ፣ ሌላው ኢንሃንሰር ሌላውን ግማሽ ያዞራል። የተማሪዋ ችግር ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ቤት በላይ መገናኘታቸው ነው።

መምህር ከደብረ ብርሃን

ተባረክ። በእድር ሣጥኑ አስተምረዋለሁ።

ካርታ አንባቢ

በዚህ ጉዳይ ትንሽ ልለያችሁ። ዛሬ በ1993 ዘመን ላይ አይደለንም። በፈረንጆች ኦክቶበር 2024 የአንዲት አዋቂ ሴት ዝንብ አእምሮ ሙሉ የነርቭ ካርታ ወጥቷል፦ 139,255 የነርቭ ሕዋሳት፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ መገናኛዎች። የደረቱ የነርቭ ገመድም ካርታ አለው። ጃኔሊያም ከ3,000 በላይ የስፕሊት ዘሮችን ከነሥዕላቸው ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ኒውሮንብሪጅ በተባለው መሣሪያ የራስሽን የኮንፎካል ሥዕል አስገብተሽ ከካርታው ጋር ማመሳሰል ትችያለሽ። ያየሻቸው አሥራ አራት ሕዋሳት ማን እንደሆኑ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታወቃል። እግር የሚያንቀሳቅሱ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ሲታወቅ አምስት ወሩ ይጣል አይጣል የሚለውም ይመለሳል።

አለበለዚያም ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ቲሹርት በተባለው ጂን የሚመራ ጋል80 ጨምሪበት። ጋል80 ጋል4ን ይከለክላል፤ ቲሹርት የሚሠራው በደረትና በሆድ ገመድ ነው። ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ላይ ያሉት ሁለቱ ይቀራሉ።

ጋላክቶስ

የካርታውን ምክር እደግፋለሁ፤ ዛሬውኑ አድርጊው። የጋል80ው ግን አይሠራም፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

ጋል80 የሚከለክለው የጋል4ን ቀስቃሽ ክፍል ይዞ ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የስፕሊት ዘሮች አብዛኞቹ ቀስቃሽ ግማሻቸው ከጋል4 የመጣ አይደለም። በርትቶ እንዲሠራ ተብሎ ፒ65 ወይም ቪፒ16 በሚባሉ ሌሎች ቀስቃሾች ተተክቷል። ጋል80 የሚይዘው እጀታ የለም። ዘሮቹን ሁለት ወር አዳቅለሽ፣ በመጨረሻ ልክ እንደ በፊቱ የሚያበራ የነርቭ ገመድ ታገኛለሽ። ለተራ ጋል4 ግን ምክርህ ትክክል ነው ወንድሜ።

ካርታውም ቢሆን የአንዲት ዝንብ ካርታ ነው፤ የእርሷ ዘር በእርሷ ቤተ ሙከራ የትኞቹን ሕዋሳት እንደሚያበራ አይነግራትም። ያንን የሚነግራት የራሷ ማይክሮስኮፕ ነው።

ካርታ አንባቢ

ፒ65ቱን ዘንግቼው ነበር። እርማቱን ተቀብያለሁ። የዝንብ ተማሪ፣ የእኔን ምክር ተከትለሽ እንዳትጀምሪ።

ኮንፎካል

ሌላ ያልተነሣ ነገር አለ። የስፕሊቱ አንደኛው ግማሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ሁለተኛው ክሮሞሶም ላይ ኤቲቲፒ40 በሚባለው ቦታ ነው። ክሪምሰንሽስ የት ነው የገባው? እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ ሁለት ነገር ይመጣብሻል። አንደኛ፣ በአንዱ ክሮሞሶም ላይ ያለ ኢንሃንሰር በተመሳሳይ ቦታ ትይዩ ክሮሞሶም ላይ ያለውን ጂን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ያልታሰቡ ሕዋሳት ያበራሉ። ሁለተኛ፣ ዝንቧ ያንን ቦታ ከሁለቱም ወላጆች ትወርሳለች፤ በዚህ ቦታ ሁለት ቅጂ መያዝ ብቻውን የጡንቻ ሕዋስ ኒውክሊየሶችን አቀማመጥ እንደሚያዛባ በእጭ ላይ ታይቷል። የእግር እንቅስቃሴ የሚያጠና ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

አንገቷን ቆርጠሽ ብትፈትኛትስ? ጭንቅላት የሌላት ዝንብ ለሰዓታት ቆማ ትኖራለች። ያለ ጭንቅላት መብራቱ እግሯን ከገተረው ጥፋተኛው ታች ነው ማለት ነው።

የዝንብ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለጥያቄዎቹ መልስ፦ አረንጓዴው ክሪምሰን ላይ የተለጠፈው ቀለም ነው፤ ቅጂው ሃያ ነው፤ የገባውም በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ የኤቲቲፒ40 ነገር እኔን አይመለከትም። ሬቲናል ያልበሉት እኅቶቻቸው በቀይ መብራት አይቆሙም። ይህ ውጤት እስካሁን ሲያጽናናኝ ቆይቶ ነበር።

ካርታውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ አየሁት። ከአሥራ አራቱ ቢያንስ ስድስቱ የፊት እግር ጡንቻን በቀጥታ የሚያዝዙ የሞተር ነርቮችን ይመስላሉ።

ጋላክቶስ

ስለ ሬቲናሉ አንድ ቃል። ሬቲናል የሌለው ማነጻጸሪያ የሚነግርሽ ዝንቧን ያቆማት ብርሃኑን ማየቷ አለመሆኑን ነው። የምትፈልጊው ሕዋስም፣ ያልፈለግሽው ሕዋስም ሬቲናል ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አይዳኝም። ባዶ ስፕሊት የሚባለውን፣ ማለትም ሁለቱም ግማሾች ያለ ኢንሃንሰር የገቡበትን ዘርም ጨምሪ። እርሱም ቢሆን የዘረ መል መደብን እንጂ የሕዋስን ማንነት አይመረምርም።

የአንገት መቁረጡ ነገር ለዚህ ጥያቄ አይረዳም። ከአእምሮ የሚወርደው የሕዋሱ ረጅም ጅማት አንገቱ ቢቆረጥም ደረት ውስጥ ይቀራል፤ ክሪምሰንም በጅማቱ ላይ ስላለ መብራቱ እርሱንም ያነቃዋል። ሁለቱን አትለዪበትም። ደግሞም ጭንቅላት የሌላት ዝንብ ብዙም አትራመድም፤ የማትራመደውን እንዴት ታቆሚያታለሽ?

የምመክርሽ ይህንን ነው። ኤፍኤልፒ የሚባል ከእርሾ የተገኘ ኢንዛይም አለ፤ ኤፍአርቲ በሚባሉ ሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ዲኤንኤ ቆርጦ ያወጣል። ኦርቶደንቲክል በተባለው ጂን ኢንሃንሰር የሚመራ ኤፍኤልፒ ያለው ዘር አለ፤ የሚሠራው በአእምሮ እንጂ በደረት ገመድ አይደለም። ከእርሱ ጋር ከፊቱ መዝጊያ የተቀመጠበትን ክሪምሰን ትጠቀሚያለሽ፤ መዝጊያው በኤፍአርቲዎች መካከል ነው። በአእምሮ ውስጥ መዝጊያው ተቆርጦ ይወጣል፤ ታች እንደተዘጋ ይቀራል። ለስፕሊትም ይሠራል፣ ምክንያቱም የሚነካው ጋል4ን ሳይሆን የሚቀሰቀሰውን ጂን ነው። መምህር፣ ሣጥኑ ላይ ሦስተኛ ቁልፍ ተጨመረ ማለት ነው።

ጎን ለጎን ያንኑ ሕዋስ የሚይዝ ሌላ ስፕሊት፣ ሁለቱም ኢንሃንሰሮቹ የተለዩ፣ ፈልጊ። ሁለት የተለያዩ ዘሮች የጋራ የሆነው ሕዋስ ያ ብቻ ሆኖ አንድ ዓይነት ጠባይ ካሳዩ ያኔ ነው ሰው የሚያምንሽ።

ይህ ችግር አንቺ ላይ ብቻ አልደረሰም። ዝንብን ወደ ኋላ የሚያስኬዱት ሕዋሳት የተገኙት ቪየና ውስጥ ነው፤ በ2014 ታተመ። ብዙ ዘሮችን አንድ በአንድ ሲያነቁ አንዱ ዘር ዝንቧን ወደ ኋላ አስኬዳት፤ ዘሩ ግን ሌሎች ብዙ ሕዋሳትንም ይይዝ ነበር። የጽሑፉ ትልቁ ድካም ወደ ኋላ መሄዷን ማሳየት አልነበረም። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ዋነኞቹ ተጠያቂዎች ከአእምሮ ወደ ደረት የሚወርዱት ሁለት ጥንድ ሕዋሳት መሆናቸውን ለይቶ ማውጣቱ ነበር። አንቺም ያለሽው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

የሰላሌ ልጅ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ መምህር ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን የጆን ፑል ቡድን ከሚያጠናቸው የዱር ዝንቦች መካከል ከፍቼ ከተማ አካባቢ የተሰበሰቡ አሉ። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚኖሩት እነዚህ ዝንቦች ከቆላዎቹ የአፍሪካ ዝንቦች በአካል ገዘፍ ያሉ፣ በቀለምም ጠቆር ያሉ ናቸው። አያቴ ጠጅ ስትጥል በጋኑ አፍ ላይ የምታንዣብበው ትንሿ ዝንብ ይህቺው ናት። ስሟን በሳይንስ ጽሑፍ ላይ ከፍቼ ስም ጋር ሳየው እንባ መጣብኝ።

መምህር ከደብረ ብርሃን

ፍቼንስ ልጆቼ በደንብ ያውቋታል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለማዳቀል የምትጠቀሙት ድንግል ሴት ዝንብ እንደሆነች ሰምቻለሁ፤ እንዴት ትለዩዋታላችሁ?

የዝንብ ተማሪ

መምህር፣ በ25 ዲግሪ ሴቷ ከሙሽሬዋ (እጭ ወደ ዝንብ ከምትለወጥበት ሽፋን) ከወጣች በኋላ ስምንት ሰዓት ያህል እስኪሞላት ወንድ አትቀበልም። ስለዚህ ጠዋት ብልቃጡን ባዶ አደርገዋለሁ፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሼ የወጡትን እሰበስባለሁ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ አስተኝቼ፣ ነጩ ሰሌዳ ላይ ዘርግቼ፣ በቀጭን የቀለም ብሩሽ አንድ በአንድ አገላብጣቸዋለሁ። ገና የወጣችዋ ገርጣ ያለች ናት፤ ክንፎቿ ያልተዘረጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሆዷ በግራ በኩል በቆዳዋ ውስጥ የሚታይ ጥቁር ነጥብ አላት፤ እጭ ሳለች የበላችው የመጨረሻ ምግብ ቅሪት ነው። ያንን ነጥብ ካየሁ ያለ ጥርጥር እወስዳታለሁ።

ጋላክቶስ

አንዲት ድንግል ያልሆነች ከገባች ሙሉ ዳቀላው ይበላሻል። እኔ ሦስት ወር ያጣሁት በዚህ ነው፤ ከላይ «በሌላ መልኩ ሠርቼዋለሁ» ያልኩት ስህተት ይህ ነበር። ልጆቹ የተጠቀለለ ክንፍ ይዘው መምጣት ሲገባቸው ቀጥ ያለ ክንፍ ይዘው ሲመጡ ነው የገባኝ፤ ያኔም ከአንድ ብልቃጥ ብቻ ስላልነበረ ሁሉንም ጣልኩት።

የዝንብ ተማሪ

(ከ9 ሳምንት በኋላ)

ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ።

አራቱን ነገሮች፣ ሁለቱን የስፕሊት ግማሾች፣ ኤፍኤልፒውንና መዝጊያ ያለውን ክሪምሰን፣ በአንዲት ዝንብ ውስጥ ለማሰባሰብ አራት ትውልድ ፈጀብኝ። በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ባህርይ መፈተን አልነበረም። አሥር ዝንቦችን ከፍቼ አእምሮና የነርቭ ገመዳቸውን ሳላለያይ አየሁ። በስምንቱ ውስጥ ከላይ ያሉት ሁለቱ ሕዋሳት ያበራሉ፣ ታች ጨለማ ነው፤ የሚታየው ከላይ የሚወርዱት ሁለት ቀጭን ጅማቶች ብቻ ናቸው። በአንዱ ላይ ከሁለቱ ሕዋሳት አንደኛው ብቻ ነው የበራው። በሌላው ላይ ታች አንድ ሕዋስ ቀርቷል። ስለዚህ ከእንግዲህ እያንዳንዷን ዝንብ ከፈተናው በኋላ ከፍቼ አያታለሁ።

ከዚያ መብራቱን አበራሁ። ዝንቧ ቀጥ አላለችም። ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ሁለት እርምጃ ያህል ተራመደችና ስድስቱንም እግሮቿን አሳርፋ ቆመች። የፊት እግሮቿ አልተገተሩም። መብራቱ እንደበራ ቆይቶ የግራ የፊት እግሯን አንሥታ ዓይኗን ጠረገች።

ጋላክቶስ እንደመከሩኝ ሁለተኛውን ስፕሊትም አግኝቻለሁ። የነርቭ ገመዱ ንጹሕ ነው፤ አእምሮ ውስጥ ግን በእይታው ክፍል ሌሎች ሕዋሳት ይይዛል። ነገ ጠዋት በክቡ መድረክ ላይ እለቃቸዋለሁ። የአምስት ወሩን ቪዲዮ አልጣልኩትም፤ «የፊት እግር ሞተር ነርቮች» የሚል አዲስ ስም ሰጥቼ አስቀምጬዋለሁ።

ኮንፎካል

ዓይኗን የጠረገችበትን ቪዲዮ ልታሳዪን ትችያለሽ?

የዝንብ ተማሪ

ጽሑፉ ሲታተም እዚሁ አመጣዋለሁ።